የአክሰስ ፖይንቶቻችን ቻናልና ፓወር ቀኑን ሙሉ ይቀያየራል፤ አርአርኤሙን ልዝጋው ወይስ ላስተካክለው?

የኮሌጁ ኔትወርክ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፤

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ሥራውን የምከታተለው እኔ ነኝ። ዋናው ሕንፃችን ባለ አራት ፎቅ ነው። በፎቆቹ መካከል የኮንክሪት ሶሌታ፣ በክፍሎቹ መካከል ደግሞ የብሎኬት ግድግዳ ያለ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ረጅም ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል። ዋይፋዩን ከእኔ በፊት የዘረጋው ተቋራጭ አክሰስ ፖይንቶቹን በሙሉ ኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ ሰቅሏቸዋል፤ በየፎቁ ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ከግቢው ማዶ በተለየ ቤት ውስጥ ባለው ላይብረሪ ሁለት ስላሉ ድምሩ 38 ይሆናል። ሁሉም በአንድ ሲስኮ ካታሊስት 9800 ኮንትሮለር ሥር ይተዳደራሉ። የሬዲዮ ሀብት አስተዳደሩ፣ ማለትም ቻናልና ፓወርን በራሱ የሚመድበው አርአርኤም የሚባለው ክፍል፣ ከነባሪው ሴቲንግ አልተነካም፤ የ5 ጊጋኸርዙ የቻናል ስፋት ብቻ «ፍጥነት ይጨምራል» ተብሎ ወደ 80 ሜጋኸርዝ ተቀይሯል።

ያስቸገሩን ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ መምህራን በቪዲዮ ስብሰባ ላይ እያሉ ምስሉ ለጥቂት ሰከንዶች ይደርቅና ይመለሳል፤ የኮንትሮለሩን መዝገብ ሳይ በዚያው ደቂቃ የአክሰስ ፖይንቱ ቻናል ተቀይሮ አገኘዋለሁ። ሁለተኛው፣ የ5 ጊጋኸርዙን ዝርዝር ስከፍት በዋናው ሕንፃ ካሉት አብዛኞቹ ፓወራቸው «*7/8 (5 ዲቢኤም)» ሲል፣ የላይብረሪዎቹ ሁለቱ ደግሞ «*1/8 (23 ዲቢኤም)» ይላል (ዲቢኤም የፓወርና የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው)። ኮሪደሩ ላይ ለቆመ ሰው ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ በሩ ተዘግቶ የክፍሉ መጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ግን ገጽ ለመክፈት ይቸገራል። ሦስተኛው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የተያያዙ ስልኮች ምድር ቤት ከያዙት አክሰስ ፖይንት ሳይላቀቁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይዘውት ይወጣሉ።

አስተዳደሩ ተጨማሪ አክሰስ ፖይንት ለመግዛት አስቧል። በእኔ እምነት ግን መጀመሪያ ያለውን በሥርዓቱ ማስተካከል ይገባል። ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ አርአርኤሙን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ ቻናልና ፓወሩን በእጄ ልመድብ? ወይስ ክፍት ትቼው ልገድበው? የምገድበውስ ከየትኛው ጀምሬ ነው?

ኮርኒስ ሥር

አርአርኤም በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ጎን ለጎን የሚሠሩ የተለያዩ ስሌቶች አሉበት፤ የእርስዎ ችግሮችም የሚመነጩት ከተለያዩ ስሌቶች ነው። ቻናል የሚያከፋፍለው ዲሲኤ ይባላል፤ ፓወር የሚወስነው ቲፒሲ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሲግናላቸው የደከመ ተጠቃሚዎች ሲበዙበት የዚያን አክሰስ ፖይንት ፓወር ከፍ የሚያደርገው የሽፋን ክፍተት መቆጣጠሪያ ነው። የቻናሉን ነገር ሌሎች እንደሚያነሡት ስለማምን፣ እኔ በሁለተኛው ችግርዎ ላይ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ይመስለኛል።

እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት በየጊዜው፣ በየቻናሉ እየዞረ፣ ባለው ከፍተኛ ፓወር አንዲት አጭር የጎረቤት መልእክት ያሰማል። ሌሎቹ መልእክቷን በምን ያህል ጥንካሬ እንደሰሙ ይመዘግቡና ለኮንትሮለሩ ያሳውቃሉ። ቲፒሲ የሚያየው ይህን መዝገብ ነው። አንድን አክሰስ ፖይንት ከጎረቤቶቹ መካከል በጥንካሬ ሦስተኛ የሆነው በስንት እንደሚሰማው ይወስድና፣ ከተሰጠው ወሰን ጋር ያነጻጽረዋል፤ ወሰኑ ካልተነካ -70 ዲቢኤም ነው (ከዜሮ በታች ባሉ ንባቦች ወደ ዜሮ የቀረበው ጠንካራው ነው)። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከፍተኛው ፓወር ሲደመር ወሰኑ፣ ሲቀነስ የሦስተኛው ጎረቤት ንባብ።

በእርስዎ ኮሪደር ላይ እናስላው። በአንድ ቀጥ ያለ ኮሪደር ኮርኒስ ላይ በተርታ የተሰቀሉ ዘጠኝ አክሰስ ፖይንቶች በመካከላቸው አንድም ግድግዳ ስለሌለ እርስ በርሳቸው ጥርት አድርገው ይሰማማሉ። ሦስተኛው ጎረቤት በ-52 ዲቢኤም ሰማ እንበል። ከፍተኛው ፓወር 23 ነው፤ 23 ሲደመር -70፣ ሲቀነስ -52፣ ውጤቱ 5 ዲቢኤም ይመጣል። ዝርዝርዎ ላይ ያለው «*7/8 (5 ዲቢኤም)» ይኸው ነው። ኮከቡ ፓወሩን የመደበው አርአርኤም እንጂ ሰው አለመሆኑን ያሳያል፤ ደረጃው በአንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ፓወሩ በ3 ዲሲቤል፣ ማለትም በግማሽ ይወርዳል። 23 ዲቢኤም 200 ሚሊዋት ሲሆን 5 ዲቢኤም 3 ሚሊዋት ገደማ ብቻ ነው። የላይብረሪዎቹ ሁለቱ 23 ላይ የቀሩትም በዚሁ ሕግ ነው፤ ስሌቱ ቢያንስ ሦስት ጎረቤት ይፈልጋል፣ እነሱ ግን ያላቸው አንድ ነው።

እንግዲህ አርአርኤሙ አልተሳሳተም፤ የሚሰማውን ይዞ በትክክል አስልቷል። ችግሩ የሚሰማው ኮርኒስ ከኮርኒስ የሚነጋገረውን እንጂ ከብሎኬቱ ጀርባ የተቀመጠውን ተማሪ አለመሆኑ ነው። ኮሪደር ላይ ተጠጋግተው የቆሙ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይግባባሉ፤ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ግን ከዚያ ወሬ አንድም ቃል አይደርሰው።

በሴቲንግ ማድረግ የሚቻለው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ለቲፒሲ የታችና የላይ ገደብ ማበጀት ነው። ካልተነካ ገደቡ ከ-10 እስከ 30 ዲቢኤም ነው፤ ይህም ገደብ የለም ከማለት አይለይም። ለ5 ጊጋኸርዝ ከታች 11፣ ከላይ 17 ቢያደርጉት ለጊዜው ይበቃል። የላዩ ገደብ ያስፈለገው ለላይብረሪው ጭምር ነው፤ አክሰስ ፖይንቱ በ23 ሲናገር ስልኩ ይሰማዋል፣ ስልኩ ግን በዚያ ኃይል መልሶ መናገር ስለማይችል ስክሪኑ ላይ ሙሉ ሲግናል እየታየ ዳታው አያልፍም። ሁለተኛው ወሰኑን ከ-70 ወደ -65 ከፍ ማድረግ ነው፤ በላይኛው ስሌት ውጤቱ ከ5 ወደ 10 ዲቢኤም ይወጣል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ማስታገሻ ነው። ኮሪደር ላይ የተሰቀሉትን ፓወር በጨመሩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጎለብተው የኮሪደሩ ጩኸት ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ ያሉት እርስ በርስ ይበልጥ ይጠባበቃሉ። ዋናው መፍትሔ አክሰስ ፖይንቶቹን ወደ ክፍሎቹ ማስገባት ነው። አንዱን ከኮሪደሩ ግራ፣ ቀጣዩን ከቀኝ፣ በላይኛው ፎቅ ደግሞ በተቃራኒው እያፈራረቁ። ኬብሉ ኮርኒሱ ውስጥ ስላለ በአብዛኛው ጥቂት ሜትር ማራዘም ብቻ ነው የሚጠይቀው። በመካከላቸው ሁለት ሦስት የብሎኬት ግድግዳ ሲገባ የሦስተኛው ጎረቤት ንባብ በራሱ ይወርዳል፤ ለምሳሌ ወደ -66 ቢወርድ ያው ስሌት 19 ዲቢኤም ይሰጥና የላይ ገደብዎ 17 ላይ ያቆመዋል። ማለትም ቲፒሲውን ሳይታገሉት ወደሚፈልጉት ቦታ ይመጣልዎታል። አስተዳደሩ ለአዲስ ዕቃ ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ለኬብል ሠራተኛ ቢያወጣው ይሻላል እላለሁ።

የማታ ተረኛ

እኔ በዚህ አልስማማም። ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል አስተዳድራለሁ፤ የሁሉንም አክሰስ ፖይንት ቻናልና ፓወር የመደብኩት ፕላኑን ወረቀት ላይ ስዬ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ 1፣ 6 እና 11ን እያፈራረቅሁ፣ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ላይና ታች ያሉ ፎቆች እንዳይገናኙ አድርጌ ነው። እንግዳ ቅሬታ ሲያቀርብ የትኛው ክፍል የትኛውን ቻናል እንደሚጠቀም ከወረቀቱ አነባለሁ እንጂ ኮንትሮለሩ ዛሬ ምን እንዳሰበ አልመረምርም። ሕንፃው አይንቀሳቀስም፣ ግድግዳው አይለወጥም፤ ታዲያ ቻናሉ በየአሥር ደቂቃው የሚመረመርበት ምክንያት ምንድን ነው? እንዲህ ያለ አስተዳደር በሺህ የሚቆጠር አክሰስ ፖይንት ላለው ድርጅት ያስፈልግ ይሆናል፤ ለ38 ግን አንድ ቅዳሜ በቂ ነው።

ስለ ኮሪደሩ የተባለውን ግን እቀበላለሁ። በእጅ የመደበም ቢሆን ኮሪደር ላይ ሰቅሎ አይድንም።

ሽቦ አልባ

ወንድሜ የማታ ተረኛ፣ ሕንፃው አይንቀሳቀስም፤ ጎረቤቱ ግን ይንቀሳቀሳል። ዛሬ በአዲስ አበባ ከኮሌጅ ግቢ አጥር ማዶ ባሉ አፓርታማዎች ውስጥ ያሉትን የቤት ራውተሮች ብንቆጥር፣ የጠያቂው 38 አክሰስ ፖይንቶች አናሳ ናቸው። ተማሪው ራሱ በኪሱ ሆትስፖት ከፍቶ ይገባል። በወረቀት የተመደበ ቻናል ይህን አያይም፤ አንድ አክሰስ ፖይንት ሲበላሽም የጎረቤቶቹን ፓወር ከፍ የሚያደርግለት የለም። ሆኖም ከአቋምዎ ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ዲሲኤ በየአሥር ደቂቃው መሮጥ አያስፈልገውም።

ጠያቂው መጀመሪያ ማጣራት ያለባቸው ቻናሉ የተቀየረበትን ምክንያት ነው። ለተጠቃሚው ውጤቱ አንድ ይሁን እንጂ መነሻው ሁለት ዓይነት ነው። ከቻናል 52 እስከ 144 ባሉት ላይ አክሰስ ፖይንቱ ራዳር የሰማ እንደሆነ ማንም ሳያዘው በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቅቆ መውጣት፣ ከዚያም ለ30 ደቂቃ ወደዚያ ቻናል አለመመለስ ግዴታው ነው፤ ይህ ዲኤፍኤስ የሚባለው ሕግ እንጂ የአርአርኤም ምርጫ አይደለም። እኔ የምሠራው ጀርመን ነው፤ በአውሮፓ ደንብ ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ባለው የአየር ሁኔታ ራዳር ክልል ውስጥ አክሰስ ፖይንቱ መናገር ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ ማዳመጥ ስላለበት፣ ቻናል 120፣ 124 እና 128ን ከዲሲኤ ዝርዝር ማውጣት ለእኛ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። በእርስዎ መዝገብ ውስጥ ራዳር የሚል ምክንያት የሚደጋገምባቸው ቻናሎች ካሉ እነሱን ብቻ ለይተው ያውጡ፤ የዲኤፍኤስ ቻናሎችን በጅምላ መጣል ግን ሀብት ማባከን ነው።

ሀብት ስል ቁጥሩን እንየው። የ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ሲሆን ዲኤፍኤስ የማይነካቸው ከ36 እስከ 48 አራት፣ ከ149 እስከ 165 አምስት፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ቻናሎች ናቸው፤ ዲኤፍኤሶቹ ሁሉ በተፈቀዱበት አገር እስከ 25 ይደርሳል። ስፋቱን 80 ሲያደርጉት ግን ከዲኤፍኤስ ውጭ የሚቀርዎት ሁለት ብቻ ነው። በአንድ ፎቅ ዘጠኝ አክሰስ ፖይንት በሁለት ቻናል! በዚያ ላይ ከ80ው ሜጋኸርዝ ውስጥ በአንዷ 20 ላይ ራዳር ቢሰማ አክሰስ ፖይንቱ የሚለቀው ሙሉውን ነው። ዲሲኤ መቀመጫ አጥቶ ሲቅበዘበዝ ቢያዩት አይፍረዱበት። ወደ 20 ይመልሱት፤ አክሰስ ፖይንቶቹ ወደ ክፍሎቹ ከገቡ በኋላ 40ን መሞከር ይቻላል።

በየትኛው አገር ኮድ እንደተዋቀረም ይመልከቱ። የተፈቀደው የቻናልና የፓወር ዝርዝር የሚከተለው የአገሩን ኮድ ነው፤ ብዙ ቻናል ለማግኘት ሲባል የሌላ አገር ኮድ ተሞልቶ የተገኘባቸውን ተከላዎች አይቻለሁ። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ኮዱ የኢትዮጵያ መሆን አለበት።

ወደ ዲሲኤ ልመለስ። የሚሮጥበት የጊዜ ልዩነት ከአሥር ደቂቃ እስከ 24 ሰዓት፣ የሚጀምርበት መነሻ ሰዓትም ከ0 እስከ 23 ይመረጣል። ብዙ ሰው ሌሊት እንዲሮጥ ያደርገዋል፤ እኔ ለኮሌጅ አልመክርም። ሌሊት ሆትስፖት የለም፣ የጎረቤትም ራውተር ሥራ ፈት ነው፤ ዲሲኤ ያን ጸጥታ ለክቶ የመደበው ቻናል ጠዋት ግርግሩ ሲጀምር ላይስማማ ይችላል። በምሳ ሰዓት፣ ክፍሎቹ ተለቀው ግቢው ግን ሕያው በሆነበት ጊዜ፣ በቀን አንድ ጊዜ ቢሮጥ ይሻላል። የእርስዎ ኮንትሮለር ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ መሆኑን አይርሱ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ለማለት 12 ብለው ይሞላሉ። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» አስቦ 9 ብሎ የሞላ ሰው ዲሲኤውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ማለትም በትምህርት መሃል ያስሮጠዋል። የኮንትሮለሩ የሰዓት ክልል ሳይሞላ ቀርቶ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ ደግሞ የሞሉት 12 የሚውለው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ክልሉን በሦስት ሰዓት ወደፊት ያስተካክሉ።

የስሜታዊነቱን ደረጃም ዝቅተኛ ያድርጉት። በ5 ጊጋኸርዝ መካከለኛው አዲሱ ቻናል ካሁኑ በ15 ዲሲቤል ሲሻል ይቀይራል፤ ዝቅተኛው ግን 20 ዲሲቤል እስኪሻል ይታገሣል። አንድ ተማሪ ሆትስፖት በከፈተ ቁጥር ፎቁ ሁሉ መነቃነቁ ይቀራል።

ለየማታ ተረኛም የሚስማማ አማራጭ አለ። የዲሲኤ አሠራር ራሱ አውቶማቲክ፣ የቆመ እና የተዘጋ የሚባሉ ሦስት ሁኔታዎች አሉት። የቆመ በሚለው ላይ ሲሆን ኮንትሮለሩ መከታተሉን ይቀጥላል፣ ቻናል የሚቀይረው ግን እርስዎ «አሁን አንድ ጊዜ አስላ» ብለው ሲያዙት ብቻ ነው። ወረቀቱን ኮንትሮለሩ ይስልልዎታል፤ ፊርማው ግን የእርስዎ ይሆናል።

የኮሌጁ ኔትወርክ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት የቻናል ለውጦቹን በምክንያት ለያይቼ አየኋቸው። ራዳር የሚለው ጥቂት ነው፤ እሱም ሁልጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ በተመሳሳይ ቻናሎች ይደጋገማል። የተረፈው የዲሲኤ ነው። ሆኖም አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ የዲሲኤ ለውጦች በየቀኑ እኩል አይደሉም። በአንዳንድ ቀን ከሁለትና ሦስት አይበልጡም፤ በሌላ ቀን ደግሞ በየአሥር ደቂቃው በብዛት ተከታትለው ይመጡና ከሰዓት ተኩል በኋላ ድንገት ያቆማሉ። ቀኖቹን ከጥበቃው የጀነሬተር መዝገብ ጋር ሳስተያያቸው መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር የተነሣባቸው ቀኖች ሆነው ተገኙ። የፎቆቹ ስዊቾች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አላቸው። ኮንትሮለሩ ያለበት መደርደሪያ ግን ዩፒኤሱ ከተበላሸ ቆይቷል።

የአገሩ ኮድ ትክክል ነው፤ የሰዓት ክልሉ ግን እንደተባለው በዩቲሲ ላይ ነበር።

የ2.4 ጊጋኸርዙ ነገር እስካሁን ስላልተነሣ፣ እሱንም ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ኮርኒስ ሥር

የጀነሬተሩን መዝገብ ማስተያየትዎ ጉዳዩን ፈትቶታል። ኮንትሮለር ሪስታርት ሲያደርግ ዲሲኤ ጅማሮ የሚባል ሁኔታ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሁኔታ ለ100 ደቂቃ፣ በየአሥር ደቂቃው፣ ያለውን ቻናል ለመጠበቅ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ትቶ ከባዶ እንደሚጀምር ሆኖ ይመድባል። አዲስ ተከላ ሲሆን ይህ የሚፈለግ ነገር ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን በትምህርቱ መሃል 100 ደቂቃ ሙሉ ቻናል ሲገለባበጥ ይቆያል ማለት ነው። የዲሲኤን ልዩነት ወደ 24 ሰዓት ማድረግ ብቻውን ይህን አያድነውም። የኮንትሮለሩን ዩፒኤስ ከሁሉም አስቀድመው ያስጠግኑ፤ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቢሸከም በቂ ነው። አስተዳደሩን የሚያሳምን ወጪ ካስፈለገዎት ይህ ነው፤ ከአንድ አዲስ አክሰስ ፖይንት ብዙም የማይበልጥ ዋጋ አለው፣ ጥቅሙ ግን ለ38ቱም ነው።

አሁን ወደ 2.4 እንምጣ። በዚህ ባንድ የማይደራረቡ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ በእርስዎ ሕንፃ ደግሞ 36 ሬዲዮዎች ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል፤ ሞገዱም ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳና ሶሌታ አልፎ ይሄዳል። ሦስት ቻናል ለ36 የሚያከፋፍል ስሌት የለም። ስለዚህ አርአርኤሙን ከመኮነን በፊት የሬዲዮውን ቁጥር ይቀንሱ፦ በየፎቁ አንዱን ትተው አንዱን፣ የ2.4 ሬዲዮውን ብቻ ያጥፉ፣ የ5 ጊጋኸርዙ ይቀጥል። የቀሩት የፓወር ገደብ ከታች 5፣ ከላይ 11 ዲቢኤም ይሁን። ከ5 ጊጋኸርዙ ዝቅ ያለበት ምክንያት ሁለቱንም ባንድ የሚይዝ ስልክ 5ን እንዲመርጥ ነው።

ስልኮቹ ምድር ቤቱን ይዘው ሦስተኛ ፎቅ የሚወጡት ግን በአብዛኛው ከዝቅተኛ የፍጥነት ደረጃዎች የተነሣ ነው። መቼ አክሰስ ፖይንት እንደሚቀይር የሚወስነው ስልኩ እንጂ ኮንትሮለሩ አይደለም፤ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ከተፈቀደለት በጣም በደከመ ሲግናልም ቢሆን ሙጥኝ ብሎ ይቆያል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ የሚያሰማው ቢከን፣ ማለትም መኖሩን የሚያሳውቅበት አጭር መልእክት፣ በዝቅተኛው የግዴታ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ የአየሩን ጊዜ ያለ ምንም ዳታ ይበላዋል። 1፣ 2፣ 5.5፣ 6፣ 9 እና 11ን ይዝጉ፤ 12ን የግዴታ ያድርጉት። ከዚያ በፊት ግን በግቢው ውስጥ 802.11ቢ የሚባለውን የድሮ የዋይፋይ ደረጃ ብቻ የሚችል ያረጀ መሣሪያ አለመኖሩን ያረጋግጡ። የጣት አሻራ መመዝገቢያዎችና የድሮ ፕሪንተሮች ናቸው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታሰቡ የሚቋረጡት፤ ለእነሱ ኬብል መሳብ ይቀላል።

ይህን ሁሉ በዋናው የአርአርኤም ገጽ ላይ አይሙሉት። ለዋናው ሕንፃ አንድ፣ ለላይብረሪው ሌላ የአርኤፍ ፕሮፋይል (ለተመረጡ አክሰስ ፖይንቶች ብቻ የሚሠራ የሬዲዮ ሴቲንግ) ያዘጋጁና በአርኤፍ ታግ ከአክሰስ ፖይንቶቹ ጋር ያያይዙት። ላይብረሪው ሁለት አክሰስ ፖይንት ብቻ ስላለውና ቲፒሲ ሊያሰላለት ስለማይችል፣ የፓወሩን የላይና የታች ገደብ እኩል 14 ቢያደርጉት ያው በእጅ እንደመመደብ ነው። እዚያ ላይ ከየማታ ተረኛ ጋር እስማማለሁ።

ሲለኩ ኮሪደር ላይ ቆመው አይለኩ። በሩ ይዘጋ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጡ፣ ላፕቶፕዎ ሳይሆን ተማሪው የሚይዘው ዓይነት ስልክ ይሁን። በ5 ጊጋኸርዝ -67 ዲቢኤም ወይም ከዚያ የተሻለ ካገኙ የቪዲዮ ስብሰባ አያስቸግርም። ያን ካላገኙ የዚያን ክፍል ቁጥር ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ኬብል የሚራዘመው ወደዚያ ነው።

የማታ ተረኛ

ዩፒኤሱ ላይ አልከራከርም። ጠያቂው አንድ ነገር ይጨምሩበት፦ ሬዲዮዎቹን አጥፍተው፣ ስፋቱን ወደ 20 አውርደው፣ ገደቦቹን ካስገቡ በኋላ ዲሲኤው ያለፈውን አመዳደብ እያስታመመ ቀስ በቀስ እንዲያስተካክል አይተዉት። የድሮው ምደባ የተሠራው ለሌላ ሕንፃ ነው ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያን የጅማሮ ሁኔታ ሆን ብለው ያስነሡት፤ 100 ደቂቃውን ግቢው ባዶ ሆኖ ይጨርሰው።

የኮሌጁ ኔትወርክ (ጠያቂ)

ተቀብያለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ የማጠቃለያ ፈተናው በኮምፒዩተር ነው የሚሰጠው፣ የሚጀምረውም በቅርቡ ነው። ከፈተናው በፊት የትኛውን ላድርግ፣ የትኛውንስ ላቆይ?

ሽቦ አልባ

ከፈተናው በፊት ዩፒኤሱን፣ የሰዓት ክልሉን፣ የ80 ሜጋኸርዙን ስፋትና የፓወር ገደቦቹን። ራዳር የተደጋገመባቸውን ቻናሎችም ከዝርዝሩ ያውጡ፤ የፈተና ክፍሎቹ በምሥራቁ ጫፍ ከሆኑ ይህን ከሁሉ ያስቀድሙ። ቅዳሜ ዲሲኤውን እንደተባለው ያስሩጡት፣ ሰኞና ማክሰኞ በትምህርት ሰዓት መዝገቡን ይመልከቱ። ከተረጋጋ ፈተናው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው በሁለቱም ባንድ «የቆመ» የሚለው ላይ አድርገው ይተዉት፤ ፈተናው ካለቀ በኋላ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት። የፍጥነት ደረጃዎቹን መዝጋትና አክሰስ ፖይንቶቹን ወደ ክፍል ማስገባት ለክረምቱ ይቆይ፤ የተቋረጠ መሣሪያ በፈተና ሳምንት መፈለግ አያዋጣም።